ዝም የሚል ክላስ ላይ እኔ የማደርገው

ሰላም እህቴ፣ "60 ተማሪ አለኝ፣ ገባችሁ ስላቸው አዎ ይሉኛል፣ ሚድ ፈተና ላይ ግን ባዶ ነው፣ ምን ላድርግ" ያልሽውን ሳነብ እዚህ ድሬ ማስተማር የጀመርኩበት ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። እኔም ፊዚክስ እያስተማርኩ ልክ እንዳንቺ "ገባችሁ?" ስል ሁለት አመት ፈጀሁ። አቦ ይሄን ጥያቄ ተይው፣ 60 ሰው ፊት አልገባኝም የሚል ተማሪ የለም።

የቀየረኝን ልንገርሽ። ሙቀት ብረትን እንዴት እንደሚያሰፋ አስተምሬ ጨረስኩ፣ ድሬ ላይ ያደገ ልጅ የድሮው ባቡር ሀዲድ መገጣጠሚያው ላይ ክፍተት እንዳለው ስለሚያውቅ ከሱ ነበር የጀመርኩት፣ ፎርሙላውንም ሁሉም ይዞታል። ከዛ ቦርድ ላይ ጻፍኩ፦ መሀሉ ላይ ክብ ቀዳዳ ያለው ዝርግ ብረት ቢሞቅ ቀዳዳው (ሀ) ይሰፋል (ለ) ይጠባል (ሐ) እንዳለ ይቀራል። አንድ ደቂቃ ማንም ሳያወራ ለየብቻ መለሱ፣ እጅ አላስወጣሁም ምክንያቱም እጅ ሲባል ሁሉም ጎበዙን ልጅ ነው የሚያየው፣ ፊደሉን ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፈው ደረታቸው ላይ አድርገው ለኔ ብቻ አሳዩኝ። ከግማሽ በላይ ይጠባል ብሏል! መልሱን አልነገርኳቸውም፣ የተለየ መልስ ያለው ሰው ፈልጉና አሳምኑት፣ በፈለጋችሁት ቋንቋ አልኳቸው። ክላሱ ገበያ ሆነ፣ ሶማሊኛው ኦሮምኛው አማርኛው ተደባለቀ። ኋላ የምትቀመጥ ድምጿን ሰምቼ የማላውቃት ልጅ ጓደኛዋን "ተቆርጦ የወጣውን ብረት መልሰሽ ቀዳዳው ውስጥ ክተቺው፣ አብሮ ሲሞቅ እሱም ይሰፋል አይደል? ታዲያ ቀዳዳው ካልሰፋ የት ይገባል?" ስትላት ሰማሁ። ድጋሚ ሲመርጡ አብዛኛው ይሰፋል አለ፣ ትክክል ነው፣ ከዛ በኋላ ነው በእንግሊዝኛ ያስረዳሁት። ለካ ልጆቹ ሰው ፊት በእንግሊዝኛ መሳሳት ፈርተው ነው ዝም የሚሉት።

ዘዴው የኔ አይደለም፣ ኤሪክ ማዙር የሚባል የሃርቫርድ የፊዚክስ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ያስፋፋው ነው፣ ፒር ኢንስትራክሽን (ተማሪ ለተማሪ ማስተማር እንደማለት) ይባላል። ልኬቱን ያዢ፦ በመጀመሪያው ምርጫ ትክክለኛውን መልስ ያገኙት ተማሪዎች ከ30 ፐርሰንት በታች ከሆኑ ውይይቱ አይጠቅምም ደግመሽ አስተምሪ፣ ከ70 በላይ ከሆነ ትንሽ አብራርተሽ እለፊ፣ መሀል ላይ ከሆነ አወያያቸው። ጥያቄው ስሌት አይሁን፣ ሀሳቡን የሚፈትን ይሁን።

መውጫ ላይ ደግሞ ሶስት ደቂቃ ሰጥተሽ ቁራጭ ወረቀት ላይ ዛሬ ያልገባቸውን አንድ ነገር ስም ሳይጽፉ ይጻፉልሽ። ማርክ እንዳትሰጪበት በናትሽ፣ ማርክ ካለው ከጓደኛ ይገለብጣሉ። የ60 ልጅ ወረቀት ሻይ እየጠጣሽ ታነቢዋለሽ፣ በሚቀጥለው ክላስ ከዛው ጀምሪ፣ የጻፉት እንደሚነበብ ሲያዩ እውነቱን መጻፍ ይጀምራሉ።

ግሩፕ አሳይመንት ላይ አንዱ ሰርቶ አምስት ስም እየተጻፈ በጣም ተቃጥያለሁ። አሁን ማን እንደሚያቀርብ እዛው በእጣ ነው የማወጣው፣ በማግስቱ ከዛው ስራ አምስት ደቂቃ ኩዊዝ ለየግል እሰጣለሁ፣ ማርኩንም ለሁለቱ አካፍለዋለሁ። መጀመሪያ አጉረመረሙ፣ አሁን ግን ሰነፉን የሚያስጠኑት ራሳቸው ናቸው።

ሁሉንም ባንዴ አትጀምሪ፣ በሳምንት አንድ ጥያቄ ይበቃሻል። ኮርስሽ ሜካኒክስ ወይ ሂት (ሙቀት) ከሆነ የሰበሰብኳቸው ጥያቄዎች አሉኝ፣ በውስጥ አውሪኝና እልክልሻለሁ።