ጥያቄና መልስ፦ በቪአር መነጽር ክብደትን ማስተማር

ድሬዳዋ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለ ቪአርና ክብደት ጠይቁ፤ ቪአር ማለት በመነጽር ውስጥ የሚታይ፣ በኮምፒውተር የተሠራ ዓለም ነው። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል፦ ተማሪው መጀመሪያ እውነተኛ ዕቃ በእጁ ያንሳ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ በእጄ የያዝኩት የመነጽሩ መቆጣጠሪያ ያው ነው። ታዲያ መነጽሩ ውስጥ ያለው ድንጋይ እንዴት ይከብዳል?

መልስ፦ ዓይንህ ነው የሚታለለው። እጅህን 20 ሴንቲሜትር ስታነሳ የምታየው እጅ 16 ብቻ ይነሳል። ድንጋዩን ጠረጴዛው ላይ ለማድረስ የበለጠ ትለፋለህ፤ አእምሮህም «ከበደ» ይላል። ልዩነቱን አታብዛው፤ ያኔ እጁ የሌላ ሰው ይመስልሃል። ይህ ዘዴ «ያኛው ከዚህ ይከብዳል» ያሰኛል እንጂ በኒውተን (በኃይል መለኪያ) አይለካም። ስለዚህ መጀመሪያ እውነተኛ ዕቃ።

ጥያቄ፦ የትኛውን መነጽር ልግዛ?

መልስ፦ ለስንት ተማሪ? በስንት ብር? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።

ጥያቄ፦ ሐረር ነኝ። እኛ ከፍታ ላይ ነን። ዕቃ ድሬ ላይ ይከብዳል ማለት ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ግን በእጅ አይታወቅም። ሐረር ከድሬ በ700 ሜትር ገደማ ትበልጣለች። ልዩነቱ በአንድ ኩንታል ላይ ቢበዛ 20 ግራም ገደማ ነው። እጃችን ደግሞ ልዩነት ለመለየት 2 በመቶ ያህል ይፈልጋል። ይልቅ ጨረቃን አሳያቸው። ስበቷ የምድር አንድ ስድስተኛ ነው። ዕቃው ለማንሳት ይቀላል፤ ወደ ጎን ሲወዘውዙት ግን እንደ ምድር ያስቸግራል፣ መጠነ ቁሱ አልተቀየረማ! ብዙ ፕሮግራም ሠሪ ሁለቱንም አንድ ላይ ያቀልላቸዋል። ያ ልጁን ያሳስተዋል። ማንሳቱን አቅልሉ፣ ውዝወዛውን እንዳለ ተዉት። ቪአር የሚያዋጣው እዚህ ላይ ነው፤ ጨረቃን ክፍል ውስጥ በሌላ መንገድ አናመጣትም።

አባል፦ ምን ያደክማል፣ ዕቃውን አግዝፎ መሳል ይበቃል።

ሌላ አባል፦ አቦ ተው! ጆንያ ገለባና ጆንያ ጨው እኩል ነው?

አባል፦ የጨው ዋጋ ሰምተሃል ግን?

ሌላ አባል፦ እናንተ ጋ ስንት ገባ?

መልስ፦ ዋጋውን ሌላ ቦታ አውሩት። ክብደታቸው እኩል የሆነ ትልቅና ትንሽ ሳጥን አንሱ። ትንሹ የሚከብድ ይመስላችኋል። ፈረንሳዊው ሻርፐንቲየር እ.ኤ.አ. በ1891 ጽፎታል። ማግዘፍ ጭራሽ ያቀልላል። ካላመናችሁ፣ መጀመሪያ እውነተኛ ዕቃ።

ጥያቄ፦ የትኛው መነጽር ይሻላል?

መልስ፦ ከላይ አንብቡ። የትኛውንም ብትገዙ ግን ሌንሱን ለድሬ ፀሐይ አታጋልጡት። ብርሃኑን ሰብስቦ ስክሪኑን ያቃጥለዋል።