«ዘረኝነት የእኛ የሐበሾች ጉዳይ ነው ወይ?»

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በልጄ ትምህርት ቤት ነጭና ጥቁር ወላጆች ስለ ዘረኝነት በየወሩ ይወያያሉ፤ እኔንም ጠርተውኛል። ባለቤቴ ግን «እኛ ሐበሾች ነን፤ በባርነት አልመጣንም፤ የእነሱን ጣጣ ለእነሱ ተዪላቸው» ይላል። «የነጭ ልዩ ጥቅም» የሚሉትስ ሰውን በቀለሙ መኰነን አይሆንም?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሂጂ።

የባለቤትሽ ቃል በየአጥቢያው ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ የሚሰማ ነው። እውነትነት ግን የለውም። ኢትዮጵያዊው ሙሉጌታ ሥራው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1988 ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ላይ በቤዝቦል ዱላ ሲገደል፣ ነጮቹ ገዳዮች ሐበሻ ነው ብለው አልራሩለትም። በነገሩ ውስጥ ውለታ መርሳትም አለ። እስከ እ.ኤ.አ. 1965 በቆየው የአሜሪካ ሕግ ለኢትዮጵያ የተመደበው የስደተኛ ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። ያ ኮታ የተሻረው ጥቁር አሜሪካውያን ውሻ እየተለቀቀባቸው የ1964ቱን የመብት ሕግ ባስወጡ ማግስት ነው። እኛ የገባነው በዚያ በር ነው።

የቀረው ይመርራል። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1942፣ አያቶቻችን በሕይወት ሳሉ ነው። «ባሪያ» የሚለው ስድብም ከየቤታችን አልወጣም። ስለዚህ «በባርነት አልመጣንም» ብሎ መኩራት ለንስሐ አባት የሚነገር እንጂ ለልጅ የሚወረስ አይደለም።

ወደ «ልዩ ጥቅም» ልምጣ። ነጭ ሁሉ ደልቶታል ማለት አይደለም፤ ድሃው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አንድ የአሜሪካ መንግሥት ተቋም የከተሞችን ካርታ ሲሠራ የጥቁሮችን ሰፈር በቀይ ቀባው፤ ለብድር አደገኛ ነው ማለት ነው። ነጩ አያት መንግሥት ዋስ በሆነለት ብድር ቤት ገዛ፤ ቤቱ ዋጋ ጨመረ፤ ለልጅ ልጁ ቅድመ ክፍያ ሆነ። ጥቁሩ አያት ኪራይ ሲከፍል ኖረ። የዛሬው ልጅ ማንንም ላይበድል ይችላል፤ የወረሰውን ግን ወርሷል። ይህን መናገር እሱን መኰነን አይደለም።

የሐዋርያት ሥራ 6ን እናውቃለን እያልን ዲያቆናት ስለ መሾማቸው ብቻ እናነበዋለን። በኢየሩሳሌም ካመኑት አይሁድ መካከል የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ፣ መበለቶቻቸው በዕለቱ ምግብ ተረስተው አንጎራጎሩ። ሐዋርያት «በክርስቶስ አንድ ነን፤ ይህን አታንሡ» አላሉም። ሰባት ሰዎች አስመረጡ። ስማቸውን ልብ ብለሽ አንብቢ፤ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ እያለ ሰባቱም የግሪክ ስም ነው። ጭልፋው ቅሬታ ካቀረበው ወገን እጅ ገባ!

ውይይቱን በተመለከተ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል፤ ሲበዛ ሁለቱ ይናገራሉ፣ የቀረው ስልኩን ያያል። እያንዳንዱ ሳይቋረጥ ለሦስት ደቂቃ ያየውን ይናገር፤ የት፣ መቼ፣ ማን ምን እንዳለ። «እነሱ እንዲህ ናቸው» የሚል ወሬ ከጀመረ አስቁሙት። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አንዲቱን ጥቁር እናት የሁሉ አስተማሪ ሲያደርጓት ነው። ወይም አንዲት ነጭ እናት ከጸጸት የተነሣ ታለቅሳለች፤ ሁሉም እሷን ማጽናናት ይይዛል፤ የተበደለው ሰው ነገር ተረስቶ ይቀራል። ሶፍት አቀብያትና ወደ ተናጋሪው ተመለሱ፤ ጭካኔ አይደለም።

ከወሬ ወደ ሥራ ስትገቡ አንድ ነገር ብቻ ያዙ። ለምሳሌ ከትምህርት የሚታገዱ ልጆች ቁጥር በዘር ተለይቶ ይመዘገባል፤ የትምህርት ቤታችሁን ጠይቁ። ልዩነት ካለ በትምህርት ቦርዱ ስብሰባ ለመናገር አስቀድማችሁ ተመዝገቡ። የሚሰጣችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ስለሆነ ጽፋችሁ ሂዱ፤ ጥያቄውም አንድ ይሁን። አምስት አቤቱታ ያነሣ ሰው «እናመሰግናለን» ተብሎ ይሸኛል።

ባለቤትሽን ግን በልጁ ፊት አትሟገቺው። የሐዋርያት ሥራ 6ን ማታ አብራችሁ አንብቡ። ለትንሣኤ ድፎ ስትደፊ አንዱን ለጥቁር አሜሪካውያን ጎረቤቶቻችሁ አድርጊ፤ ይዞላቸው የሚሄደው እሱ ይሁን።