ጀበናው እሳት ላይ ለምን ይፈነዳል?

ጥያቄ፦ በዚህ ክረምት 12 ጀበና በአንድ ጊዜ አቃጠልኩ። ቤት ውስጥ ሁለት ሳምንት አድርቄያቸው ነበር። እሳቱ በተለኮሰ በግማሽ ሰዓት ውስጥ 5ቱ እየጮኹ ፈነዱ፤ 2ቱ ደግሞ ሳወጣቸው ከአፋቸው ጀምሮ ተሰነጠቁ። ጥፋቱ የአፈሩ ነው ወይስ የእሳቱ?

መልስ፦ የ5ቱና የ2ቱ ምክንያት ለየቅል ነው። ሸክላ መቼ እንደተሰበረ ካወቁ ለምን እንደተሰበረ ማወቅ አይከብድም።

በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የፈነዳው ውኃ ነበረበት። በጭቃው ውስጥ የቀረ ውኃ 100 ዲግሪ ላይ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል፤ እሳቱ ቶሎ ከበረታ መውጫ ስለሚያጣ ግድግዳውን ገንጥሎ ይወጣል። ስብርባሪውን አንስተው ይዩት፤ እንደ ቅርፊት የተላጠ ከሆነ ሌላ ምክንያት አይፈልጉ። ብዙ ጊዜ የሚፈነዳው መቀመጫው ወይም አንገትና ሆድ የተጋጠሙበት ቦታ ነው፤ ጭቃው እዚያ ይወፍራል። ግድግዳው ዙሪያውን ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ይሁን።

ሁለት ሳምንት በበጋ ይበቃ ይሆናል፤ በክረምት ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ አይበቃም። ጀበናውን ጉንጭዎ ላይ ያስጠጉት፤ ከቀዘቀዘዎ ገና ነው። ሚዛን ካለዎ ዛሬና ነገ ይመዝኑት፤ ክብደቱ መቀነሱን ካቆመ አየሩ ሊያደርቀው የሚችለውን ያህል ደርቋል። የቀረውን የሚያወጣው ማሞቅ ነው። ጀበናዎቹን ከፍም አንድ ክንድ አርቀው ይደርድሩ፤ በየ15 ደቂቃው እያዞሩ ቀስ በቀስ ያስጠጓቸው። ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከዚያ ቀዝቃዛ የብረት ክዳን የጀበናው አፍ ላይ ይያዙ፤ ክዳኑ ጤዛ ከያዘ ውኃው ገና እየወጣ ነውና ይታገሡ። እባክዎ ይህችን አይዝለሏት፤ ብዙ ጀበና የሚተርፈው በእሷ ነው።

የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ነበልባሉ ፈጣን ስለሆነ መጀመሪያ አያስገቡት። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ኩበት ብቻ ይንደድ፤ እንጨቱ ከዚያ በኋላ ይጨመር። ጀበናው ራሱ ፍም መስሎ ሲቀላ ወደ 700 ዲግሪ ገደማ ደርሷል።

ሲወጡ የተሰነጠቁት 2ቱን ግን የጎዳቸው ንፋስ ነው። ፊቱ ቀዝቅዞ ሲኮማተር ውስጡ ገና እንደጋለ ነው፤ አፈሩ ውስጥ ነጭ አሸዋ ካለ ደግሞ 573 ዲግሪ ላይ በድንገት ስለሚኮማተር ይብሳል። እሳቱ ሲበርድ በአመድ ይሸፍኑትና እስከ ማግስቱ ጠዋት አይንኩት። ጥቁር ጀበና ከፈለጉ ከነግለቱ ገለባ ውስጥ ቀብረው ጭሱ እንዳያመልጥ በአመድ ያፍኑት፤ ሜዳ ላይ አያስቀምጡት። አሸዋውንም በገል ይተኩ፦ የተሰበሩትን 7 ጀበናዎች ወቅጠው ይንፉና ለ3 እጅ አፈር 1 እጅ ይቀላቅሉ። በየቀኑ እሳት ላይ ለሚጣድ ዕቃ ከአሸዋ ገል ይሻላል።

በደህና ከወጡት 5 ጀበናዎች ላይ ከቀናት በኋላ መሐሉ ነጭ ነጥብ ያለው ትንሽ ጉድጓድ ካዩ የኖራ ድንጋይ ነው። ቀጣዩን አፈር ከማቡካትዎ በፊት ኮምጣጤ ጠብ ያድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ አፈሩን ይቀይሩ።