አባትሽ ጭንና ትከሻቸውን ስላመማቸው ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አባትሽ 62 ዓመታቸው ነው፣ ስኳርና ግፊት አለባቸው፣ የሚኖሩት እዚሁ ድሬዳዋ ነው። ለግፊቱ አምሎዲፒን 10 ይወስዳሉ። በቅርቡ ለኮሌስትሮል ሲምቫስታቲን 40 ተጨመረላቸው። ከዚያ ወዲህ ጭናቸውንና ትከሻቸውን ያማቸዋል፣ ከወንበር ሲነሱ እጃቸውን ተደግፈው ነው፣ እግራቸውም ያብጣል። «ያቁሙት ወይስ ይታገሡ?» ነው ያልሽው።

ሐኪም አይደለሁም። ይኸው የመድኃኒት ዘር ጡንቻዬን አሳምሞኝ ያለፍኩ ሰው ነኝ። መልሴ ሁለቱም አይደለም ነው። ዝም ብለው አያቁሙት፣ ዝም ብለውም አይታገሡ። በዚህ ሳምንት የሚውጡትን ሁሉ ከነማሸጊያው ይዘው ወዳዘዘላቸው ሐኪም ይሂዱ።

የምቸኩለው በምክንያት ነው። አምሎዲፒን ሲምቫስታቲን ከሰውነት እንዳይወጣ ያዘገየዋል። ሁለቱ አብረው ሲወሰዱ ደም ውስጥ የሚቆየው ሲምቫስታቲን ይጨምራል፣ ጡንቻን የመጉዳት ዕድሉም አብሮ ይጨምራል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2011 እ.ኤ.አ. አምሎዲፒን የሚወስድ ሰው ሲምቫስታቲን በቀን ከ20 ሚሊ ግራም በላይ እንዳይወስድ ማሳሰቢያ አውጥቷል። የአባትሽ 40 ነው። ይህን ለሐኪሙ በትሕትና ንገሩት። ሊቀንሰው ወይም ሊቀይረው ይችላል።

የእኔ እንዲህ ነበር። ከዚሁ የኮሌስትሮል መድኃኒት ዘር የሆነውን አቶርቫስታቲን 40 ለረጅም ጊዜ ስወስድ ምንም አልሆንኩም። ከዚያ ጨጓራዬን ታምሜ ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ። የጨጓራ ባክቴሪያ አለብሽ ተባልኩና የተለመደው የሦስት መድኃኒት ቅንጅት ታዘዘልኝ። አንዱ ክላሪትሮማይሲን ነው። ሌላ ምን እንደምወስድ የጠየቀኝ አልነበረም። መድኃኒቱን ሳልጨርስ ጭኔ እየከበደኝ ከባጃጅ መውረድ አቃተኝ። ፀጉሬን ላበጥር ክንዴን ሳነሳ ይዝልብኛል።

እኛ ሰፈር ሰውነቱን ያመመው ሰው ምክንያቱ አስቀድሞ ይነገረዋል። ሁሉም «ፋኑ ነው የመታሽ» አለኝ። በድሬ ሙቀት ያለ ፋን የሚያድር ማን አለ? አጠፋሁት፣ በላብ ተጠምቄ አደርኩ፣ ሕመሙ ግን ባሰብኝ። አንዷ ነርቭ ነው አለች፣ አንዷ በቅባት አሸችኝ። መድኃኒቱን የጠረጠረ አንድም ሰው የለም። ነገሩን የደረሰችበት ከዚራ አንድ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት። ዲክሎፌናክ ልገዛ ገብቼ «እናቴ፣ ሌላ ምን ይወስዳሉ?» አለችኝ። ስነግራት ዲክሎፌናኩን መልሳ አስቀመጠችው። ዛሬውኑ ሐኪም ይዩ አለችኝ። እግዚአብሔር ይስጣት።

ለካ ክላሪትሮማይሲን አቶርቫስታቲንንና ሲምቫስታቲንን የሚሰባብረውን የጉበት ኢንዛይም ያግዳል። ያልተሰባበረው መድኃኒት ደም ውስጥ ይከማችና ጡንቻ ይጎዳል። ኤሪትሮማይሲንና ለፈንገስ የሚታዘዘው ኢትራኮናዞልም እንዲሁ ያደርጋሉ። ብዙ የግሬፕፍሩት ጭማቂም እንደዚያው ነው። ሐኪሙ ሲኬ የሚባል የደም ምርመራ አዘዘልኝ። ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈሰውን ነገር የሚለካ ምርመራ ነው። ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ኩላሊቴ ግን ደህና ነበር። የኮሌስትሮሉን መድኃኒት አስቆመኝ፣ ሕመሙም ቀስ እያለ ለቀቀኝ። በኋላ ሮሱቫስታቲን በትንሽ መጠን አስጀመረኝ። እሱ በዚያ ኢንዛይም ላይ ብዙም አይመካም። እስካሁን እየወሰድኩት ነው፣ ጭኔም ሰላም ነው።

አባትሽን በደንብ ጠይቂያቸው። ከዚህ መድኃኒት የሚመጣ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ጎን እኩል ነው። ጭን፣ ባት፣ ዳሌ፣ ትከሻ ላይ ይሰማል። የሚጀምረውም ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ በተጀመረ ወይም መጠኑ በጨመረ ሳምንታትና ወራት ውስጥ ነው። በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ፣ መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ፣ ወይም የሚያቃጥልና የሚያደነዝዝ ከሆነ ሌላ ነገር መፈለግ አለበት። ስኳር ስላለባቸው ሜትፎርሚን ለዓመታት ከወሰዱ ቢ12 አንሶባቸው ሊሆን ይችላል፤ እሱም እግር ያደነዝዛል። የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ማነስም ብቻውን ጡንቻ ያሳምማል፣ ከኮሌስትሮል መድኃኒት ጋር ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የእሱንም ምርመራ ጠይቁ። ሕመሙ የጀመረበትን ጊዜና እያንዳንዱ መድኃኒት የተጀመረበትን ቀን በወረቀት ጻፉላቸው። ለሐኪሙ ከማንኛውም ነገር በላይ የሚጠቅመው እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠበቅለትም። ሽንታቸው ጠቁሮ የኮካ ቀለም ከያዘ፣ ወይም ድካሙ ከአልጋ የማያስነሳ ከሆነ ያን ዕለት የኮሌስትሮሉን ክኒን ሳይወስዱ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። የጡንቻ ፍርስራሽ ኩላሊት ሊዘጋ ይችላል። በጣም ጥቂት ሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው፤ ሲደርስ ግን ሰዓት አይሰጥም።

«መርዝ ነው፣ ጣሉት» የሚሉሽ ይኖራሉ። ከዚህ ቤተሰብ አንዱ፣ ሴሪቫስታቲን የሚባለው፣ ጡንቻ በማፍረሱ በ2001 እ.ኤ.አ. ከገበያ መውጣቱ እውነት ነው። ሌሎቹ ግን ዛሬም ልብና አንጎል እየጠበቁ ነው። ስኳርና ግፊት ላለበት ሰው ደግሞ ጥቅማቸው ትልቅ ነው። ኮሌስትሮል ራሱ አያምም። መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ጡንቻው ሲሻለው የዳነ ይመስለዋል፣ አደጋው ግን እዚያው አለ። ይህ ነው የሚያስጨንቀኝ።

በፍርሃት የሚመጣ ሕመምም አለ። በ2020 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ውጤቱ የወጣ ጥናት ነበር። መድኃኒቱን በጎንዮሽ ጉዳት ያቋረጡ 60 ሰዎች አንዳንድ ወር እውነተኛውን፣ አንዳንድ ወር ባዶ ክኒን፣ አንዳንድ ወር ምንም ሳይወስዱ ታዩ። በመድኃኒቱ ከተሰማቸው ስሜት 90 በመቶ ያህሉ በባዶውም ክኒን ተሰምቷቸዋል። ሕመሙ ውሸት ነው ማለት አይደለም፣ ያመመው ሰው አሞታል። ግን ምንጩን ሳያጣሩ መፍረድ ይከብዳል። አባትሽ ከወንበር መነሳት ከከበዳቸውና መድኃኒታቸው እንዲህ የሚጋጭ ከሆነ ግን በፍርሃት አላሳብብም።

እስከ ቀጠሮው ድረስ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አትግዙላቸው። ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፣ ስኳር ላለበት ሰው ኩላሊትም ያስቸግራሉ። ፓራሲታሞል ይሻላል። ታፋቸው ላይ መርፌ እንውጋቸው የሚሉትንም እንቢ በሉ።

አባትሽ ውኃ የሚያስሸና የግፊት ክኒን፣ ማለትም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ይወስዱ እንደሆነ አልነገርሽንም። ከወሰዱ የድሬ ሙቀት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ክኒኑ ፖታሲየምና ጨው ያስወጣል፣ ላቡም ያስወጣል፣ ሌሊት ባት ይኮማተራል። በርጫ ላይ የሚቀመጡ ከሆነ ደግሞ ምግብም ይዘላሉ፣ ጫቱም ግፊት ይጨምራል። በዚህ ማንም አይፈርድባቸውም፤ ለሐኪሙ ግን ሳይደብቁ ይንገሩት። አቦ፣ ድሬ ውስጥ ጫት እንደሚቃም የማያውቅ ሐኪም የለም!

ያልተጠበቀ ነገር የሚያመጣው የኮሌስትሮል መድኃኒት ብቻም አይደለም። ባለቤቴ ኢናላፕሪል የሚባል የግፊት መድኃኒት ከጀመረ በኋላ ደረቅ ሳል ያዘው። ሽሮፕ ተሰጠው፣ ራጅ ተነሳ፣ ቲቢ ተብሎ ተፈራ። ወደ ሎሳርታን ሲቀየርለት ሳሉ ጠፋ። ጎረቤታችን ለታይፎይድ ሲፕሮ የሚባል አንቲባዮቲክ ወስዶ ከተረከዙ በላይ ያለው ጅማት አበጠ። እሱ ሲያጋጥም መድኃኒቱን አቁሞ ወዲያው ሐኪም ማየት ነው፣ ጅማቱ ሊበጠስ ይችላልና። እንዲህ ሲያጋጥማችሁ ፋርማሲስቱን ቢጫውን ቅጽ ጠይቁት፤ የጎንዮሽ ጉዳት ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚመዘገብበት ነው።

ስለ እግራቸው እብጠት ደግሞ። የመጀመሪያ ጥርጣሬዬ አምሎዲፒን ነው። ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል፣ በተለይ 10 ሲሆን። ማታ ይብሳል፣ ተኝተው ሲነሱ ይቀላል። ሐኪሙ መጠኑን ቢቀንሰው ወይም ቢቀይረው ይጎድላል፤ ያኔ የሲምቫስታቲኑም ጉዳይ አብሮ ይታያል። እብጠቱ በአንድ እግር ብቻ ከሆነ፣ ወይም ተኝተው ትንፋሽ የሚያጥራቸው ከሆነ ግን የአምሎዲፒን ነገር አድርጋችሁ አትለፉት። ያኑ ቀን ይታዩ።