የታችኛው መንጋጋ ሥር የሚበሳው በጎኑ ነው

ከዓለም ገና የጻፍሽልን እህታችን፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የታችኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ጥርስ ላይ ሩት ካናል (የጥርስ ሥር ሕክምና) ስትሠሪ ሚዚያል ሥሩ (የፊተኛው ሥር) እንዳይበሳ ምን እንደምታደርጊ ጠይቀሻል። ፋይል የሚያዞር ሞተር ሳይኖር በእጅ ፋይል (የሥሩን ቦይ በሚፍቅ ቀጭን ብረት) ብቻ መሥራት ይቻል እንደሆነም ማወቅ ፈልገሻል። እኔ የምሠራው ቱሉ ዲምቱ በኩል ባለች ትንሽ ክሊኒክ ነው። ያለን አንድ ተራ የራጅ ማሽን ነው፤ የመብራቱን ነገር ታውቂዋለሽ። ስለዚህ የምነግርሽ እንዲህ ባለ ቦታ የሚያዋጣውን ነው።

ብዙዎቻችን የምንፈራው የሥሩን ጫፍ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ጎኑ ነው። ሚዚያል ሥሩ ወደ ዲስታሉ (ወደ ኋለኛው ሥር) በዞረበት ፊቱ፣ ማለትም ሥሮቹ በሚለያዩበት በመገንጠያው በኩል፣ ግድግዳው በጣም ስስ ነው። ብዙ ጊዜ 1 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። እዚያው ላይ ሥሩ ከውጭ ጎድጎድ ይላል። ራጅ ደግሞ ይህን ጉድጓድ አያሳይሽም፤ ግድግዳው ከእውነቱ ይልቅ ወፍራም ይመስላል። የላይኛው መንጋጋ የፊተኛው የጉንጭ በኩል ሥርም ጠባዩ ተመሳሳይ ነው።

ፋይል ብረት ነው። በታጠፈ ካናል (በሥሩ ቦይ) ውስጥ ሲገባ መቃናት ይፈልጋል። ሲቃና ታዲያ መሃል ላይ የሚፍቀው ያንኑ ስስ ግድግዳ ነው። አንቺ ምንም ሳትሳሳቺ፣ ዝም ብለሽ ወደ ላይና ወደ ታች ብትፍቂ እንኳ ግድግዳው እየሳሳ ሄዶ በቁመቱ ይበሳል። የጥርስ ሐኪሞቹ አቡ-ራስ፣ ፍራንክና ግሊክ በ1980 ያስተማሩት መላ ዛሬም ይሠራል። ፋይሉን ስትጎትቺ ግፊትሽ ወደ ሚዚያል ግድግዳው፣ ወደ ጉንጭና ወደ ምላስ በኩል ይሁን። ወደ መገንጠያው አትጫኚ። እጅሽ ይህን እስኪለምድ ድረስ ቀስ በይ።

ዋናው ሥራ ግን ካናሉን መፋቅ ከመጀመርሽ በፊት ነው። ቁጥር 10 ፋይል አስገቢና እጀታውን እዪው። ወደ ኋላ ተጋድሞ ከቆመ ካናሉ አፍ ላይ ከሚዚያል በኩል የዴንቲን (የጥርሱ ውስጠኛ ጠንካራ አካል) ጉብታ ቀርቷል ማለት ነው። ያንን ጉብታ አንሺ። እጀታው ቀና ብሎ ሲቆም ፋይሉ ከላይኛው መታጠፍ ተገላገለ፤ ግፊቱም ይቀንሳል። ለዚህ ጌትስ (የካናል አፍ ማስፊያ መሰርሰሪያ) ከተጠቀምሽ ቁጥር 2 ይበቃል፤ እሱ ራሱ 0.7 ሚሊሜትር ነው። ካናሉ መታጠፍ ከሚጀምርበት አታሳልፊው። በሚወጣበት ጊዜ ብቻ ወደ ውጭኛው (ሚዚያል) ግድግዳ አስደግፊው። ቁጥር 3ን እኔ ሚዚያል ካናል ውስጥ አላስገባም።

ጥርሱን ስትከፍቺም ለኪ። ከጥርሱ ማኘኪያ ጉብ እስከ ፐልፕ ክፍሉ (ነርቭና ደም ሥር ያለበት የጥርሱ ክፍል) ጣሪያ በአማካይ 6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከወለሉ እስከ መገንጠያው ደግሞ 3 ሚሊሜትር ያህል ብቻ። ቡሩን (መሰርሰሪያውን) ራጁ ላይ አስተኝተሽ ጥልቀቱን አስቀድመሽ እዪ። እኛ ጋ የሚመጣው ሰው ጥርሱን ለዓመታት ታግሶት ስለሚመጣ ክፍሉ ጠቦ፣ አንዳንዴም ጣሪያና ወለሉ ሊነካካ ደርሶ ታገኚዋለሽ። እንዲህ ከሆነ ቀለም ይምራሽ፤ ወለሉ ከግድግዳው ጠቆር ይላል። ከፊቱ ያለው ጥርስ ተነቅሎ የቆየ ከሆነም መንጋጋው ወደ ፊት ይጋደማል። ያኔ ቡርሽ የጥርሱን አቅጣጫ እንጂ ያጠገቡን ጥርስ አይከተል።

ፋይሉን ጫፉ ላይ አጠፍ አድርጊው። ፋይሉ ላይ ያለውን የጥልቀት ማመልከቻ ላስቲክ ምልክት ወደታጠፈበት በኩል አዙሪው፤ ውስጥ ከገባ በኋላ ወዴት እንደሚያይ የሚነግርሽ እሱ ብቻ ነው። በቁጥር 8፣ 10፣ 15 ፋይል እያልሽ መንገዱን ክፈቺ። በየመሃሉ በሃይፖ (በሶዲየም ሃይፖክሎራይት) እጠቢ፣ በ10 ተመልሰሽ እስከ ልኩ መግባቱን አረጋግጪ። አልገባ ካለ አትግፊ። ጠባብና የታጠፈ ሚዚያል ካናልን ቁጥር 25 ፋይል ላይ ብታቆሚ አይከፋም። ራጁ ላይ ሰፊ ሆኖ እንዲያምር ብለሽ ግድግዳውን አትብይ።

ደርቆ የነበረ ካናል ድንገት ደም ካመጣ ቆም በይ። ካናል ማድረቂያ ወረቀቱን አስገብተሽ አውጪው። ደሙ የወረቀቱ ጫፍ ላይ ከሆነ ምናልባት ከሥሩ ጫፍ አልፈሻል። ደሙ በወረቀቱ አንድ ጎን፣ መሃል ላይ ከታየ ግን ጎኑን ጠርጥሪ። ኤፔክስ ሎኬተሩም (ፋይሉ የሥሩ ጫፍ መድረሱን የሚጠቁመው መሣሪያ) ገና በግማሽ መንገድ ጫፍ ደረስሽ ካለሽ ነገሩ ያው ነው። ከዚያ በኋላ ሃይፖውን በግፊት አታስገቢ። ለታካሚው ዕለቱኑ በግልጽ ንገሪው። ኤምቲኤ (የተበሳ ሥር መድፈኛ ሲሚንቶ) ካለሽና ቦታውን ማየት ከቻልሽ ሳይውል ሳያድር ድፈኚው። ከሌለሽ ካናሉን በጊዜያዊ ዘግተሽ ወደ ኤንዶ (የጥርስ ሥር ሕክምና) ስፔሻሊስት ላኪው። ብዙ በቆየ ቁጥር ጥርሱን የማትረፍ ዕድሉ ይጠባል።

ልምምዱን በታካሚ አፍ ውስጥ አትጀምሪው። እኛ አካባቢ «በቃ ንቀሉልኝ» የሚል አይጠፋም፤ የሚነቀለውን መንጋጋ አስፈቅደሽና አጽድተሽ አስቀምጪ። ካናሉን በፋይል ሥሪና ሥሩን መሃል ላይ በዲስክ ቁረጪው። በመገንጠያው በኩል የቀረልሽን ግድግዳ በዓይንሽ ስታዪው የእጅሽ ግፊት ወዲያው ይለወጣል። ሰው በቃል ነግሮኝ ያልገባኝን እኔም የተረዳሁት እንዲህ ነው።

ስለ ሞተሩ፦ የኒኬል-ታይታኒየም ፋይል ስለሚተጣጠፍ ይረዳል፤ በእጅ የሚሠራበትም አለ። ግን እጀታው ተጋድሞ በቆመ ካናል ላይ ሞተርም ያንኑ ስስ ግድግዳ ይበላል፤ ልዩነቱ መፍጠኑ ነው። በእጅ ስትሠሪ ቢያንስ ሲይዝሽ ይሰማሻል። ገንዘብ ካለሽ መጀመሪያ ጥሩ ኤፔክስ ሎኬተርና አጉሊ መነጽር ግዢ። ሞተሩ ይቆይ።