መልስ፦ አልወጣ ያለ ፎር ዊል

ከወገል ጤና ጭቃ ወጥተው ደሴ አስፋልት ላይ ሲደርሱ የመኪናዎ ፎር ዊል (አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክረው ማርሽ) አልወጣ እንዳለና ሲታጠፉ መሪው እንደሚከብድ ጠይቀዋል። የእኔ ግምት ስብራት ሳይሆን የታመቀ ኃይል ነው፤ በፓርት ታይም (ሲያስፈልግ ብቻ በሚገባ) ፎር ዊል የፊትና የኋላ ዘንጎች አብረው ስለሚታሰሩ፣ መኪናው ሲታጠፍ ደግሞ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የረዘመ መንገድ ስለሚሄዱ፣ ጭቃ ላይ በመንሸራተት የሚረግበው ልዩነት ደረቅ አስፋልት ላይ የትራንስፈር ኬዙን (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለውን ሳጥን) ጥርሶች ጨምቆ ይይዛል። የፎር ዊሉን ማንሻ በጉልበት አይታገሉት (እኔ ታግዬ ውስጥ ማርሹን የሚገፋውን ሹካ አጣምሜአለሁ)። መሪውን ቀጥ አድርገው፣ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ በዝግታ እየሄዱ ማንሻውን ቢመልሱት ‘ቀጭ’ ብሎ ይለቃል። ይህ ሳይሆን ወደ ኮምቦልቻ ጥምዝምዝ ቁልቁለት አይውረዱ። መሪው ቀሎ የፎር ዊሉ ምልክት መብራት ብቻ ካልጠፋ፣ ጥፋቱ ምናልባት ጭቃ የገባበት የመብራቱ ስዊች ነው።