በቤትህም ስትቀመጥ ተጫወተው

ልጆቼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በቅርቡ ጎጆ ለወጣችሁ፣ ለመውጣት ለምትሰናዱና የበኩር ልጃችሁን ለታቀፋችሁ የጎንደር ወጣቶች ነው። ዕድሜዬን በመጻሕፍት መካከል አሳልፌአለሁና ምክሬም እምነት በቤት ውስጥ በንባብ እንዴት እንደሚያድግ ነው።

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 ቁጥር 7ን ክፈቱ። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ ትርጉም «ለልጆችህም አስተምረው» ካለ በኋላ «በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም ተጫወተው» ይላል። ተጫወተው የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ጨዋታ በእኛ አነጋገር ሰው ከሚወዳቸው ጋር ተቀምጦ የሚያወጋው ወግ ነው። ቡና ሲፈላ፣ እሸት ሲፈለፈል፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ላይ የሚደረግ ነገር ነው። ብዙ ቤት መጽሐፉ አለ፣ ጸሎቱም አለ፣ ይህ ጨዋታ ግን የለም። ልጆቹ አሥራ አራት አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላቸው ወላጅ «ምን ሆኑብኝ?» የሚለውም አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው።

መጀመሪያ ስለ መጽሐፉ። በየቤቱ ትልቁ ሰማንያ አሐዱ መጽሐፍ ቅዱስ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከቢፌው አናት ላይ ይቀመጣል። ክብሩ ይገባዋል፤ ነገር ግን ልጅ እጁ የማይደርስበትን መጽሐፍ የራሱ አድርጎ አያውቀውም። ስለዚህ ሁለት ይኑራችሁ፦ አንዱ የክብሩ፣ ሁለተኛው የየዕለቱ። የየዕለቱን ስትገዙ ከመሐል ገልጣችሁ ጠረጴዛ ላይ አኑሩትና እጃችሁን አንሡ። ተመልሶ ከተከደነ ወይም ጀርባው «ቀጭ» ካለ ተዉት። ከዚያ የጀርባውን ጫፍ ከላይ በኩል ተመልከቱ፦ ወረቀቱ እጥፍ እጥፍ ሆኖ በክር የተሰፋ ከሆነ ለልጅ ልጅ ይተርፋል፤ ነጠላ ነጠላ ቅጠል በሙጫ ብቻ የተያያዘ ከሆነ በየቀኑ ሲገለጥ ዓመት ሳይሞላው ይበተናል። ፊደሉ ጎላ ያለ ይሁን። መብራት በሄደ ማታ በጧፍ የሚነበብ መሆኑን አትርሱ።

ሁለት እትም ያለው ቤት ቁጥሩ እንዳይምታታበት አስቀድሞ ይወቅ። የግእዙ ዳዊት ከአሥረኛው መዝሙር ጀምሮ እስከ 147ኛው ድረስ ከሌላው አቆጣጠር በአብዛኛው በአንድ ያንሳል፤ ስለዚህ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በአንዱ 22፣ በሌላው 23 ሆኖ ታገኙታላችሁ። በቤተ ክርስቲያናችን ቀኖና (46 ብሉይ፣ 35 ሐዲስ) መጽሐፈ ምሳሌም ለሁለት ይከፈላል፦ 24ቱ ምዕራፍ ምሳሌ፣ የቀረው 7 ምዕራፍ ተግሣጽ ይባላል። ልጅ ፈልጎ ሲያጣ መጽሐፉ የጎደለ ይመስለዋልና ይህን ንገሩት።

ጊዜውን አሳጥሩት። አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል፦ አቡነ ዘበሰማያት፣ አምስት ደቂቃ ንባብ፣ ቀሪው ጨዋታ። ሰዓቱ ከእራት በፊት ቢሆን ይሻላል፤ ከእራት በኋላ ሕፃን ይተኛል፣ አባትም ያንቀላፋል። የሚያፈርሰው የመጀመሪያው ሳምንት ትኩሳት ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ያነበበ ቤት በሁለተኛው ሳምንት ግማሽ ሰዓት ያነብባል፣ በሦስተኛው ይተዋል። አንድ ማታ ካመለጣችሁ ዕዳ አድርጋችሁ በማግሥቱ ሁለት እጥፍ አታንብቡ። ካቆማችሁበት ቀጥሉ።

ከየት ይጀመር? ከኦሪት ዘፍጥረት የጀመሩ ብዙዎች ናቸው፤ ዘፍጥረት ይጣፍጣል፣ ዘፀአትም እስከ ምዕራፍ 20 ይሄዳል። ከምዕራፍ 25 ጀምሮ የድንኳኑ ልክና የመጋረጃው ክንድ ይመጣል፣ ቀጥሎም ዘሌዋውያን፤ ጀማሪ ቤት እዚያ ላይ ይቆማል። ከማርቆስ ወንጌል ጀምሩ። 16 ምዕራፍ ብቻ ነው፣ ከአራቱ አጭሩ፣ ታሪኩም ፈጣን ነው። በየማታው አሥር ቁጥር ያህል ቢነበብ ከሁለት ወር ጥቂት ያልፋል። አራቱ ወንጌላት አንድ ላይ 89 ምዕራፍ ናቸው፤ በዚሁ አካሄድ ሳይቋረጥ ከዓመት ትንሽ ይበልጣል፣ ከሚዘለሉት ምሽቶች ጋር ዓመት ተኩል በሉት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ወደ ጨዋታው። አንባቢው ሁልጊዜ አባት አይሁን፤ ማንበብ የቻለ ልጅ ሁሉ ተራ ይኑረው። ሲሳሳት በየቃሉ አታርሙት፤ ዓረፍተ ነገሩን ይጨርስ፣ ከዚያ እናንተ ትክክለኛውን ደግማችሁ አንብቡለት። ተነብቦ ሲያበቃ ዝም በሉ፤ ሃያ ሰከንድ ያህል። ይህች ዝምታ ለወላጅ ከሁሉ የምትከብድ ናት፣ ልጅ ግን የሚያስበው በእርሷ ውስጥ ነው። ከዚያ ጥያቄው ይምጣ። «ምን ተማርክ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ልጅ ወዲያው የፈተና መልስ ይሰጣችኋል፦ «መታዘዝ»፣ «መጾም»። ይልቅ «ማን ማን ነበረ? ማን ምን አለ? ምኑ ገረመህ? አንተ እዚያ ብትኖር የት ትቆም ነበር?» በሉ። ጣሪያ ነድለው ሽባውን ያወረዱት አራቱን ሰዎች (ማርቆስ 2) ያነበበ የስምንት ዓመት ልጅ «ጣሪያውን ማን ጠገነው?» ቢላችሁ አትሳቁበት። ትዕይንቱን እያየ መሆኑን ነው የነገራችሁ።

የማታውቁትን ከመፍጠር ተጠንቀቁ። የጥያቄ ደብተር አዘጋጁ፤ ባለ 50 ቅጠል ይበቃል። በግራው ገጽ ቀኑን፣ ምዕራፍና ቁጥሩን፣ ጥያቄውንና የጠያቂውን ስም ጻፉ፤ ቀኙን ባዶ ተዉት። የንስሐ አባታችሁ ጠበል ሊረጩ ሲመጡ ወይም እናንተ ስትሄዱ ደብተሩን ያዙ፣ መልሱን በቀኙ ገጽ ላይ ጻፉት። ላይ ቤትና ታች ቤት የተባለው የትርጓሜ ትምህርት የተስፋፋባት ከተማ ልጆች ናችሁ፤ «አንድም» እያለ አንዱን ቃል ከብዙ ወገን የሚያይ ትምህርት በደጃችሁ እያለ ከየመንደሩ ወሬ መልስ አትልቀሙ። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ትንቢተ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሲለው አላፈረም፤ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል አለ (ሐዋ. 8)። ልጅ አባቱ «አላውቅም፣ እንጠይቃለን» ሲል መስማቱ ትልቅ ትምህርት ነው።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ግን ጥቅስን አርጩሜ ማድረግ ነው። ቀን የተሳሳተ ልጅ ማታ በንባቡ መሐል «ሰማህ? ላንተ ነው የተጻፈው!» ከተባለ በሚቀጥለው ቀን ሰዓቱ ሲደርስ «ሆዴን አመመኝ» ይላል። ለጥፋቱ ሌላ ጊዜ ቅጡት፣ የንባቡን ሰዓት ግን አታስነኩ። ባልና ሚስትም እንዲሁ፤ የኤፌሶንን ምዕራፍ 5 አንዱ ሌላውን ለመርታት ከመዘዘው ያ ምዕራፍ በዚያ ቤት ለዓመታት ሳይነበብ ይኖራል። አንደኛው ወገን ለንባቡ ልቡ ካልተነሣ ሌላው ሳይነተርክ ለልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ። የሚሰማ ጆሮ በቤት ውስጥ አለ።

ማንበብ የማይችሉ አያት ካሉ መሐል ላይ አስቀምጧቸው። ጢሞቴዎስ እምነቱን ያገኘው መጀመሪያ ከአያቱ ከሎይድ፣ ከዚያ ከእናቱ ከኤውንቄ ነው (2ኛ ጢሞ. 1)። እማሆይ ፊደል ባይቆጥሩም ውዳሴ ማርያሙን በየዕለቱ ከፍለው በቃላቸው የያዙ ሊሆኑ ይችላሉ። ልጁ መጽሐፉን ይዞ ይከታተላቸው፤ አያት ያስተምራሉ፣ ልጁም ንባቡን ያሰላል።

የቃል ጥናትም አትተዉ። በአብነት ትምህርት ቤት የቃል ትምህርት ማታ ማታ ያለ መጽሐፍ ከአፍ ለአፍ ይሰጣል፤ በቤትም ይሠራል። በሳምንት አንድ ቁጥር። ሰኞ አብራችሁ ሦስት ጊዜ በሉት፤ ማክሰኞ የመጨረሻውን ቃል ለልጁ ተዉለት፤ ረቡዕ ግማሹን፤ ሐሙስ እሱ ይምራ እናንተ ተከተሉ፤ ዓርብ ብቻውን። ቅዳሜና እሑድ ያለፉት ሳምንታት ይከለሳሉ፤ ሳይከለስ አዲስ መጨመር ልጁን አሮጌውን ያስጥለዋል። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» 6 ቁጥር ነው፣ ስድስት ሳምንት። ከፋሲካ በኋላ ብትጀምሩ ክረምት ሳይገባ ያልቃል።

ዳዊት መድገም የምትፈልጉ አዋቂዎች መጠኑን እወቁ፦ አሥር መዝሙር አንድ ንጉሥ ይባላል፣ 150ው 15 ንጉሥ ነው። የተለመደው ክፍያ ሰኞ 1–30፣ ማክሰኞ 31–60፣ ረቡዕ 61–80፣ ሐሙስ 81–110፣ ዓርብ 111–130፣ ቅዳሜ 131–150 ሲሆን እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መሓልየ መሓልይ ነው። ይህ ለለመደ ሰው ነው። ሥራ የሚሮጥ ወጣት በቀን አንድ መዝሙር ቢይዝ በአምስት ወር ያዳርሰዋል።

ዓመቱ ራሱ ያግዛችኋል፣ በጎንደርማ ይልቁን። ጥር 10 ቀን ከተራ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ከመውረዳቸው በፊት ማቴዎስ 3፥13–17ን አንብቡ፤ አምስት ቁጥር ብቻ ናት። ልጁ ውኃውን ሲያይ ዮርዳኖስን ያስባል። ነሐሴ 13 ለቡሄ ጅራፍ ከመጮኹ በፊት ማቴዎስ 17፥1–9። ለልደት ሉቃስ 2። ዐቢይ ጾም ሲገባ በየቅዳሜው ማታ የነገውን ወንጌል አስቀድማችሁ አንብቡ፦ ዘወረደ ዮሐንስ 3፣ ቅድስት ማቴዎስ 6፣ ምኩራብ ዮሐንስ 2፣ መጻጉዕ ዮሐንስ 5፣ ደብረ ዘይት ማቴዎስ 24፣ ገብር ኄር ማቴዎስ 25፣ ኒቆዲሞስ እንደገና ዮሐንስ 3፣ ሆሳዕና ማቴዎስ 21። ልጅ በቅዳሴ ላይ የሚያውቀውን ሲሰማ አንገቱን ቀና ያደርጋል፤ ይህን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

ፊደል ላልቆጠሩት ሕፃናት ደግሞ ደብረ ብርሃን ሥላሴ መጽሐፋቸው ነው። ሁሉንም ሥዕል በአንድ ቀን አታሳዩአቸው፤ ይደክማቸዋል። አንድ ቀን ስቅለቱን ብቻ፣ ሌላ ቀን ከጣሪያው ቁልቁል የሚመለከቱትን መላእክት ብቻ። ቤት ስትገቡ ያንኑ ታሪክ አንብቡላቸው።

ስለ ስልክ አጭር ነው ነገሬ፦ ለብቻ ለማንበብ ይሆናል፣ ለቤተሰብ ንባብ ግን አይሆንም። በመሐል መልእክት ይገባል፣ ልጅም አባቱ ወንጌል ያንብብ ሌላ ይመልከት አያውቅም። ለልጆች የሚሸጡ የታሪክ መጻሕፍትን ስትገዙም ምዕራፍና ቁጥር ይጠቅስ እንደሆነ እዩ። የማይጠቅሰውን ከመጽሐፉ ጋር ለማስተያየት አትችሉም።

መጽሐፉ ላይ ጧፍ ከተንጠባጠበበት ሰሙ ትኩስ ሳለ በጣት አትጥረጉት፣ ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል። ይድረቅ፤ በማንኪያ ጠርዝ ከጎን አንሡት፣ የቀረውን ከላይና ከታች ንጹሕ ሶፍት አድርጋችሁ ለብ ባለ ካውያ ጫን በሉት። የአያት የብራና ዳዊት ካላችሁ ግን ካውያ አታስጠጉት፤ ብራና ሙቀት ሲነካው ይኮማተራል። በክረምት መጻሕፍቱን ከግድግዳው በአራት ጣት አርቁ፣ ፀሐይ በወጣ ቀን ጥላ ውስጥ ገልጣችሁ አናፍሱ።

የመጀመሪያው ሳምንት ይኸው። ማርቆስ ምዕራፍ 1 ለሰባት ምሽት ልክ ይሆናል፦ 1–8 ዮሐንስ መጥምቅ፣ 9–13 ጥምቀቱና ፈተናው፣ 14–20 ዓሣ አጥማጆቹ (በጎርጎራ ታንኳና መረብ ያየ ልጅ ይህን ይወደዋል)፣ 21–28 የቅፍርናሆም ምኩራብ፣ 29–34 በንዳድ የታመመችው የስምዖን አማት፣ 35–39 ገና ሳይነጋ ተነሥቶ መጸለዩ። ሰባተኛው ምሽት 40–45 ነው፣ ለምጻሙ። ጌታ እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው የሚለው ላይ ስትደርሱ ንባቡን አቁሙና ልጆቹን ጠይቋቸው፦ በቃሉ ብቻ ሊያድነው ሲችል ማንም የማይነካውን ሰው ለምን ነካው?